በጦርነት ዘመን ከየደጁ ስለ ተነቀለው የብረት አጥር



በይፋት ቆላ የቤት ቅጥር ከጥንት ጀምሮ የሚታጠረው በእሾህና በእንጨት ነው። የብረት አጥርና የብረት መዝጊያ የበዛው በቅርብ ዘመን ነው። ብረት ያቆመ ሰው ለልጅ ልጁ እንዳቆመ ያስባል። ነገር ግን ጦርነት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ከሚፈለገው ነገር አንዱ ይኸው ብረት ነው። በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና ደወል ሲነገር፥ በሌላው አገር በጦርነት ጊዜ ከየደጁ ስለ ተነቀለው ብረት መስማት ይጠቅማል። ነገሩም ከሸዋ ሮቢት ሩቅ አይደለም።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ የንግድ ቅጣት ጣለባት። የፋሺስት መንግሥትም ሕዝቡ ወርቁን እንዲሰጥ ጠየቀ። ታኅሣሥ 8 ቀን ንግሥት ኤሌና በሮማ ከተማ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ፤ ባለጠጋውም ድኃውም ሴት ተከትለው ቀለበታቸውን እያወለቁ በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። እንዲህ ባለ ስጦታ የተደገፈው ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከቆመበት ነቅሎ ሠወረ፤ በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውንም የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮማ ወሰደ። በጣርማ በር ተራራውን በስቶ፥ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ ያሠራውም ይኸው ወራሪ መንግሥት ነው።

የሰውን ደጅ ያፈረሰ ግን የራሱም ደጅ ሳይፈርስ አልቀረም። ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ፥ ከየቤቱና ከየአትክልቱ ቅጥር የብረት አጥር ይነቀል ጀመር። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት ደወል ወርዶ እንዲቀልጥ ታዘዘ። ቀለበቷን የሰጠች ሴት፥ ወደ ጸሎት የሚጠራትን ደወል ሲያወርዱት ለማየት በቃች።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ሆነ። ሕዝቡ በመጀመሪያ በፈቃዱ አሮጌ ብረት ያዋጣ ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የጦር መሣሪያ ማቅረቢያው ሚኒስትር ሎርድ ቢቨርብሩክ በነበሩበት ጊዜ፥ በቤት ፊት ባለው አጭር ግንብ ላይ የቆመው የብረት አጥር በግዴታ እንዲቆረጥ ተደረገ። ሰውን ከአደጋ፥ ከብትንም ከመጥፋት የሚጠብቀው፥ እንደዚሁም በጥንታዊነቱና በሥራው ውበት የተከበረው አጥር እንዲቀር ተፈቀደ። የቀረው በመጋዝና በእሳት ተቆረጠ። ባለቤቶቹ ለአገር መዳን ነው ብለው ቻሉት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ብዙዎች ብረታችን በእውነት ታንክና መርከብ ሆኖ ነበርን? እያሉ ጠየቁ፤ የሚያረካም መልስ አላገኙም። የተቆረጠው ብረት ጉቶ በብዙ ከተማ በግንቡ ድንጋይ ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መስጠት ክፉ ነው የሚል አይደለም። አገር በተጨነቀች ጊዜ ያለውን የሚሰጥ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የሚሰበስበው ሰው ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ስጦታው ለምን እንደ ተፈለገ እውነቱን መናገር፥ ከባለጠጋውም ከድኃውም በትክክል መቀበል፥ የተቀበለውንም የት እንዳዋለ መመስከር ነው። ይህ ዕዳ ካልተከፈለ፥ በሌላ ጊዜ ስጡ ቢባል የሕዝቡ እጅ ይታጠፋል።

አባቶች ይህን አስቀድመው አውቀዋል። በጥንታውያን ገዳማትና አድባራት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ርስትና ንዋየ ቅድሳት፥ ከሰጪው ስም ጋር በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ የተቀደሰ በመሆኑ፥ የተጻፈውን ሊፍቅ የሚደፍር እንዳይኖር ነው። ሰጪው ቢሞት፥ ገበዙም ቢለወጥ፥ ስጦታው ምስክር አያጣም።

በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበርና፥ ይህ ምክር ለዚህ አገር ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሰላም ቀን ያልተጻፈ ንብረት በመከራ ቀን ምስክር የለውም።

ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን፥ ነቢዩ ኢዩኤልም ማረሻ ሰይፍ ስለሚሆንበት ዘመን ተናግረዋል፤ ብረት ወደ ሁለቱም ይሄዳል። በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የመድፍ ቀለህ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ፥ እንደ ደወል እየተመታ ሕዝቡን ለቅዳሴ ይጠራል። በሌላው አገር ደወል ወርዶ ለጦርነት ሲቀልጥ፥ በዚህ የጦርነት ዕቃ ደወል ሆኗል። እንግዲህ በዚህ ደብር ቅጥሩን ያሳጠረ፥ ደወሉን የሰቀለ፥ አንዲት ቆርቆሮም ብትሆን ያመጣ ሁሉ ስሙና ስጦታው በመዝገብ ይጻፍ። ለኢዮቤልዩው ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ አይገኝለትም።