በአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደምና አዲስ የሚበቅሉት የደም ሥሮች



ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር የሚላኩ አንድ አዛውንት፣ "ጃጅተዋል" ተብለው ሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። የበር ጉበን ግንባራቸውን እንደመታቸው ቤተሰቡ ረስቶታል። መጀመሪያ የተበጠሰው ቀጭን ደም መልስ ነው። እርሱ ከተዘጋ በኋላ ደሙ ስለምን ይጨምራል?

ሩዶልፍ ቪርኮ እ.ኤ.አ. በ1857 ነገሩን ከሽፋኑ ብግነት ጋር አያይዞት ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ዛሬ ወደ እርሱ ሐሳብ በከፊል ተመልሰናል። ሰውነት የፈሰሰውን ደም በስስ ሽፋን ይከበዋል። በሽፋኑ ውጫዊ ገጽ ላይ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ግድግዳቸው ልል ስለሆነ ያንጠባጥባሉ። መጋቢያቸው ሚድል ሜኒንጂያል የተባለው ደም ቅዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው የኢምቦላይዝ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ብቻ ከታከሙት 11.3 በመቶ ያህሉ በ90 ቀናት ውስጥ ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ደም ቅዳው ጭምር ከተደፈነላቸው ግን 4.1 በመቶ ብቻ።

መድፈኑ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይሻል። የራስ ቅልን በስቶ ደሙን ማፍሰስ ግን ዛሬም ሕይወት ያድናል፤ ይህም የሚሆነው በጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ "አባባ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ወድቀው ወይም ራስዎን ተመትተው ያውቃሉ?" ብሎ ከጠየቀ ነው።