ከቃጠሎ በኋላ የተጻፈ ዜማ



ተመራቂዎች ሆይ፣ የምናገረው ስለ ትዕግሥት ነው። ቃሉ በእኛ አፍ ክፉኛ ቀሏል። ሥራ ያጣውን «ታገሥ»፣ ልጅ የሞተባትን «ታገሺ» ብለን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። የክርስቲያን ትዕግሥት ግን መከራው እስኪያልፍ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ መከራው ሳያልፍ የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም።

ቅዱስ ያሬድን ባነሣን ቁጥር ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችውን ትል እንተርካለን። መልካም ነው፤ እዚያው ቆመን መቅረታችን ግን ያሳዝነኛል። ያሬድ በ6ኛው ምዕተ ዓመት የደረሰው ዜማ አንድ ሺህ ዓመት ያህል በዋናነት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በዘለቀው የኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ዜማውን በልባቸው የያዙ ብዙ ሊቃውንትም አለቁ። ጦርነቱ ያበቃው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። ከዚያ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት ሠሩለት። ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ በየቃሉ አናት ላይ በቀጭን ብርዕ ምልክት ማኖር የስንት ሌሊት ድካም እንደሆነ አስቡት። አገሩም ገና አላረፈም ነበር፤ ንጉሡ ራሱ በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወድቋል። ሁለቱ ሊቃውንት ሰላም እስኪሰፍን ጠብቀው ቢሆን፣ ዛሬ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ አድሮ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም የሚወጣው ተማሪ የሚከተለው ምልክት ባላገኘ ነበር።

«ትዕግሥት ለተበደለ ሰው የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው» የሚል ከእናንተ መካከል አይጠፋም። እውነት አለው፤ በዳዩ ራሱ «ታገሡ» ሲል ተሰምቷልና። ነገር ግን የትዕግሥት አብነት የተባለው ኢዮብ ዝም ያለ ሰው አይደለም። የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ከአምላኩ ጋር ተሟገተ። ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱትም «በደልህን እመን» እያሉ ያስጨነቁት ወዳጆቹ ናቸው። ኢዮብ እየጮኸም ፊቱን ከእግዚአብሔር አላዞረም፤ ትዕግሥቱ ይኸው ነው። «እነዚያ ሊቃውንት የቤት ኪራይ አልነበረባቸውም» ለሚለኝም፣ ሥራ ማጣትን ስብከት እንደማይፈውሰው አምናለሁ፤ ሥራ የመፍጠር ግዴታ ያለባቸውም ከግዴታቸው አይነጹም። ረኃብን ስለማያውቅ ሰው ግን አላወራሁም፤ ረኃብ የቆሎ ተማሪ ዕለት ዕለት የሚውልበት ነገር ነው።

እናም እናንተም መከራው ሳያልፍ ጻፉ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጋይንትን አልፎ እስከዚህች ከተማ ዳርቻ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ አላረፍንም። ማን ጻፈው? እዚህ ላይ ልውቀሳችሁ፤ ሁሉን በስልክ ታነሣላችሁ፣ ስልኩ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ማን ማንን እንዳስጠለለ፣ የትኛው ደብር እንዴት እንደተረፈ፣ ቤተሰብ ምን ቀምሶ እንዳደረ፣ ከነቀኑና ከነቀበሌው ደብተር ላይ አስፍሩት። «ገና አላበቃም» አትበሉ፤ ጌራና ራጉኤልም አላሉም። ለዛሬ ማታ አንድ ገጽ ይበቃል፤ እናቶቻችሁ እዚሁ ተቀምጠዋልና ከእነሱ ጀምሩ።