ማኅደርና አደራ፦ የግል መረጃ አያያዝ ጥናት ከአበርገሌ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ግል መረጃ አያያዝ ነው። ርዕሱን የሰማ ሰው በቅድሚያ የይለፍ ቃልንና የመረጃ ስርቆትን ያስብ ይሆናል። እነዚህ የዘርፉ አንድ ክፍል ናቸው እንጂ ሁለንተናው አይደሉም። የምናገረው ቀላል ስለሚመስል የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። ሰው አንድ ወረቀት፣ አንድ ፋይል ወይም አንድ ስልክ ቁጥር እጁ ሲገባ የት ያስቀምጠዋል? በሚያስፈልገው ቀንስ እንዴት ያገኘዋል?

ከአንድ ትዝታ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱን የማሳልፈው አበርገሌ፣ ከአያቴ ዘንድ ነበር። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ወረቀቶቻቸውን በየጨርቁ ቋጥረው፣ ቋጠሮዎቹን በአንድ የፍየል ቆዳ ስልቻ ከትተው ከመኝታቸው ራስጌ ይሰቅሉት ነበር። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የሴፍቲኔት ካርድ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የአጎቴ የትምህርት ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። እኔ የሰቆጣ ተማሪ ነኝና አንድ ቀን ላግዛቸው ብዬ ቋጠሮዎቹን ፈታሁ። ደብተሩን ከደብተር፣ ካርዱን ከካርድ፣ ደረሰኙን ከደረሰኝ ጋር አድርጌ በየዓይነቱ አሰርኩት።

በሳምንቱ የእህል እደላ ቀን ሆነ። አያቴ እጃቸውን ወደ ስልቻው ቢሰዱ የለመዱት ቋጠሮ የለም። እኔ ከፍየሎቹ ጋር ወጥቻለሁ። ካርዱን በጎረቤት እርዳታ አግኝተው ከእደላው ቦታ ሲደርሱ ሰልፉ ተበትኗል። ማታ ስመለስ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ወረቀት በባለቤቱ ነው እንጂ በመልኩ አይቀመጥም» አሉኝ። ቋጠሮዎቹን እንደ ቀድሞው እያሰሩ የእያንዳንዱን ባለቤት ሲነግሩኝ፣ አንደኛው የእሳቸውም የቤተሰባችንም አልነበረም። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራ የወረደ ጎረቤታቸው በአደራ የተወው ነበር።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ሐሳቤ ደጋግሞ ወደዚያ ስልቻ ተመልሷል። የማቀርብላችሁም የተጠናቀቀ ጥናት ውጤት ሳይሆን ከዚያ ስልቻ የሚነሣ ክርክር ነው። የግል መረጃ አያያዝ ጥናት አንድን ሰው ከአንድ ጠረጴዛ ጋር አቁሞ ተነሣ። በእኛ አገር ግን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ማስቀመጥ፣ በሌላ ሰውም ዘንድ ማስቀመጥ ነው። «የት አለ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ማን ዘንድ አለ?» የሚለው ይቀድማል። ይህን ያላገናዘበ ሥርዓት፣ እኔ በልጅነቴ እንዳደረግሁት፣ በቅን ልቡና ሰውን ከሰልፍ ያስቀራል።

በመጀመሪያ ዘርፉ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ፣ አንድ ሰው መጻሕፍቱን፣ ደብዳቤዎቹንና ማስታወሻዎቹን ሁሉ የሚያከማችበትን «ሜሜክስ» የተባለ መሣሪያ በሐሳብ ነድፎ ነበር። መሣሪያው የታሰበው በጠረጴዛ መልክ፣ ለአንድ ተጠቃሚ እንደነበር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶማስ ማሎን የቢሮ ሠራተኞች ጠረጴዛቸውን እንዴት እንደሚያደራጁ አጠና። ሁለት መንገዶችንም ለየ። አንደኛው ስምና ቅደም ተከተል ያለው ፋይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስም የሌለው ክምር ነው። ማሎን ክምሩን የስንፍና ምልክት አድርጎ አላየውም። ከዓይን ፊት የተቀመጠ ወረቀት ያላለቀን ሥራ ያስታውሳል፤ ለወረቀት ትክክለኛውን ምድብ መምረጥም ራሱን የቻለ ከባድ የአእምሮ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ማርክ ላንስዴል ይህንኑ ጉዳይ ከሥነ ልቡና አንጻር መረመረ። በኋላም ዊሊያም ጆንስ ተግባሩን በሦስት ከፈለው፦ ማስቀመጥ፣ ማግኘት፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን ሥርዓት መጠበቅና ማደራጀት።

ከእነዚህ ሁሉ ለአያቴ ስልቻ የሚቀርበው የኦፈር በርግማንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ኮምፒውተራችን የአንድን ጉዳይ መረጃ በቅርጹ ይበታትነዋል። ሰነዱን በአንድ ቦታ፣ ኢሜይሉን በሌላ፣ የድረ ገጹን አድራሻ በሦስተኛ ቦታ እንድናስቀምጥ ያስገድደናል። ሰው ግን የሚያስበው በጉዳዩ ነው። ስለዚህ አጥኚዎቹ ሥርዓቶች ባለቤቱ ለመረጃው የሚሰጠውን ትርጉም ይከተሉ ዘንድ ይሟገታሉ። እኔ በአያቴ ላይ የፈጸምኩት ኮምፒውተር በሁላችንም ላይ በየቀኑ የሚፈጽመውን ነው። ካርድን ከካርድ ጋር አሰርኩ። እሳቸው ግን የአንድን ሰው ጉዳይ ከዚያው ሰው ጋር አስረውት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥናቱና ስልቻው ይስማማሉ። የሚለያዩት በጎረቤቱ ቋጠሮ ላይ ነው። ጆንስ «የግል መረጃ» የሚለው ሐረግ ብዙ ትርጉሞች እንዳሉት ያሳያል። በእጄ ያለና የማዝበት መረጃ አለ፤ ስለ እኔ የሚናገር ነገር ግን በሌላ እጅ ያለ መረጃም አለ። በእኛ ዘመን «ስለ እኔ፣ በሌላ እጅ» ሲባል የሚታሰበው ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ትልቅ ኩባንያ ነው። በአበርገሌ ግን ያ «ሌላ እጅ» የጎረቤት አሮጊት እጅ ሊሆን ይችላል። ግንኙነቱን የሚገዛው ውል ሳይሆን አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ይጠብቃል፣ አይከፍትም፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። ከአጠቃላይ መርሕ አንጻር ከታየ ይህ የተሟላ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ነው።

ይህ አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «የግል ማኅደር» የምንለው ቃል የመጣው ከግእዝ «ኀደረ» ነው፤ ማኅደር ማደሪያ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ የሚከተትበትና በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኅደርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከዚህም አልፎ አባቶቻችን የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ውርስን በወንጌልና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ፣ ከምስክሮች ስም ጋር ያስጽፉ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ መጽሐፉ በእነዚህ ጽሑፎች በሰፊው ተጠቅሟል። ባለጉዳዩ የግል ሰነዱን በቤቱ ከማስቀመጥ ይልቅ ማንም ሊያጠፋው በማይደፍረው መጽሐፍ ውስጥ አሳደረው። ማኅደሩ የጋራ ሆኖ መረጃው የግል ነበር።

አሁን ደግሞ በዘመናችን የአንድ የአበርገሌ ቤተሰብ እጅ ላይ ያለውን እንቁጠር። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 46 በ1992 ዓ.ም፣ ቁጥር 133 ደግሞ በ1998 ዓ.ም ወጡ። በእነዚህ ዓመታት የይዞታ ደብተር በየቤቱ መግባት ጀመረ። በጋራ ይዞታ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ይሰፍራል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ሴፍቲኔት የተጠቃሚነት ካርድ አመጣ። የጤና መድን መታወቂያ፣ የብድር ደብተር፣ ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ተከተሉ። በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ ወረቀት ብርቅ በነበረበት ቤት ኑሮ በወረቀት ላይ ቆመ። የወረቀቱ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በብዙ ቤት የሚነገረው ግን ኽምጣና ነው። ስለዚህ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢም ያስፈልጋል። አንባቢው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ልጅ ነው።

የመንግሥት አሠራርም ይህን የጋራ ጠባይ በአንድ ቦታ በሚገባ ተገንዝቦታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ጤና ኬላዎች «የቤተሰብ ማኅደር» ያዘጋጃሉ። የአንድ ቤት ሰዎች የጤና ካርዶች በአንድ አቃፊ ይቀመጣሉ፤ በዓይነት ሳይሆን በቤተሰብ። የሚቀጥለው ክትባት ወይም የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ ካርዱ በየወሩ ከተከፈለ ሣጥን ውስጥ ተስቦ ባለሙያዋን ያስታውሳል። ማሎን በጠረጴዛ ላይ ያየው የማስታወስ ተግባር እዚህ ለመላ ቀበሌ ተሠርቷል። የሚያስታውሰው ግን የካርዱ ባለቤት ሳይሆን ቤት ለቤት የምትሄደው ባለሙያ ናት።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በመከራ ቀን ነው። ስቲቭ ዊታከርና ጁሊያ ሂርሽበርግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ቢሮ የሚቀይሩ የምርምር ተቋም ሠራተኞች ከወረቀታቸው ምን እንደሚጥሉና ምን እንደሚይዙ መርምረዋል። ከተያዘው ውስጥ ለባለቤቱ ብቻ የሚገኝ ልዩ ሰነድ ግማሽ ያህሉ ነበር፤ የቀረው አብዛኛው ከሌላ ቦታም የሚገኝ ቅጂ ነው። ሠራተኞቹ ለመምረጥ ጊዜ ነበራቸው፤ ካርቶንና መኪናም ነበራቸው።

በ2013 ዓ.ም በተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በሰቆጣና በዙሪያዋ፣ በወለህም መጠለያ ኖረዋል። በሌሊት የሚወጣ ሰው ልጅ ይዛል፣ ሽማግሌ ይደግፋል፣ ከቻለ ፍየሎቹን ይነዳል። ስልቻው ራስጌ ላይ እንደተሰቀለ ሊቀር ይችላል። በስልቻው ውስጥ የቀረው ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚገኝ ቅጂ አይደለም፤ የወረዳው መዝገብ አብሮ የተጎዳ እንደሆነ ብቸኛው ነው። የመጀመሪያው ዙር የይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም። የማሳውን አዋሳኞች በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በጎረቤት ስም ይዘረዝራል። እንግዲህ ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ ይዘቱ በአራት ጎረቤቶች ራስ ውስጥ አለ። ነገር ግን ጎረቤቶቹም ወደየመጠለያው ከተበተኑ፣ የጠፋው አንድ ወረቀት ሳይሆን መላው ማኅደር ነው። መፈናቀልን ከቢሮ ለውጥ የሚለየው ይህ ነው፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አደራ ተቀባዩንም ያሳጣል።

የዚህ ዘመን መልስ ዲጂታል መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይመዘግባል። አሻራ በስልቻ ውስጥ አይረሳም። ለተፈናቀለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላቃልለው አልሻም። ሆኖም ፋይዳ የሚመልሰው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ይህ ሰው ምን አለው? የማንን አደራ ይዟል? የእሱስ ማን ዘንድ ነው?» ለሚሉት መልስ የለውም። ቁጥሩን ለማረጋገጥ የሚላከው የስልክ መልእክትም ለእናቲቱ ታስቦ በልጇ ስልክ ይገባ ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለባለ መረጃው ብዙ መብት ሰጥቷል፤ ባለ መረጃውን የሚያየው ግን ለብቻው እንደቆመ ግለሰብ ነው። መልእክቱን ያነበበው ልጅና ቋጠሮውን የያዘችው ጎረቤት በዚህ እይታ ውስጥ ግልጽ ቦታ የላቸውም።

ይህን ስል አደራን ያለ ነቀፋ እያወደስኩ አይደለም። አደራ ይካዳል። የሚያነብልህ ሰው ሊያታልልህ ይችላል። ደብተሩን ባል ከያዘው፣ ፎቶግራፏ ያለበት ሚስት ልታየው እንኳ ላትችል ትችላለች። ስለዚህ ልማዱን እንዳለ እንቀበል አልልም፤ እናጥናው እላለሁ።

ለተማሪዎቻችን የምተወው ሥራም ይህ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ጥያቄ ስትፈልጉ «ሰዎች ፋይላቸውን በኮምፒውተር እንዴት ያደራጃሉ?» ከሚለው አልፋችሁ ሂዱ። ማንበብ የማይችል ሰው አንዱን ሰነድ ከሌላው በምን ይለያል፤ በማኅተሙ፣ በፎቶግራፉ፣ በእጥፋቱ ወይስ በቋጠሮው? አደራ የሚሰጠው ለማን ነው፤ የሚነፈገውስ? ሰነድ የጠፋበት ቤተሰብ ይዞታውን ለማስመለስ የማንን ምስክርነት ይጠራል፤ ምስክር የሌላትስ ባልቴት ምን ታደርጋለች? እነዚህ ጥያቄዎች ሥርዓት ከመቀረጹ በፊት ካልተጠየቁ፣ በኋላ የሚጠየቁት በሰልፍ ላይ ነው።

ወደ ስልቻው ልመለስና ላብቃ። ሁመራ የወረደው ጎረቤት በመኸር ማግስት ተመለሰ። አያቴ ቋጠሮውን አውጥተው ሰጡት። እኔም በልጅ ጉጉት በውስጡ ምን እንደነበረ ጠየቅኋቸው። «አላየሁትም፤ የእኔ አይደለማ» አሉኝ። ስልቻው ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ያን ቋጠሮ ከሌሎቹ ሳያዩ ይለዩት ነበር፤ ምን እንደያዘ ግን አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለውን ጠባቂ በሥርዓታችን ውስጥ እንዴት እንደምናስገባው ገና አላሰብንበትም።