በሌሊት የሚያብበውን ካክተስ በቤት ስለ ማሳደግ



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ጥቂት ቃል ልንናገርለት የመረጥነው በበረንዳ ጥግ ተቀምጦ ብዙ ሰው «ይህ ደግሞ ምን ይረባል?» ስለሚለው አንድ የማሰሮ ተክል ነው። ሕዝቡ በየአገሩ የሌሊት ንግሥት ይለዋል። በሊቃውንት ዘንድ ግን ኤፒፊሉም ኦክሲፔታሉም ይባላል፤ ይህንም ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. የሰጠው እንግሊዛዊው ሀዎርዝ ነው።

በመጀመሪያ ወገኑን እንወቅ። ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣው የአገራችን ቁልቋል ከካክተስ ወገን አይደለም። ይህ ተክል ግን እንደ በለስ እውነተኛ ካክተስ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በዚያም የሚኖረው በበረሃ አሸዋ ላይ ሳይሆን በደን ውስጥ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከዛፉ ምግብ አይሰርቅም፤ ሥሩን በበሰበሰ ቅጠል መካከል ሰድዶ የዝናብ ውሃ ይጠጣል። ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ ነገርም ግንዱ ነው፤ አበባው ከዚሁ ግንድ ጠርዝ ይወጣል።

ይህን የተረዳ ሰው አያያዙን ከተክሉ ከራሱ ይማራል። መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ አይስማማውም፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ አሸዋና ጥቂት የበሰለ ፍግ ተደባልቆ ይደረግለት። ማሰሮው ወይም ጣሳው ከሥሩ የተበሳ ይሁን። ውሃ የሚጠጣውም የላዩ አፈር ሁለት ጣት ያህል ሲደርቅ ብቻ ነው። ይህን ተክል ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የባለቤቱ ቸርነት ነው፤ ዘወትር በውሃ የተነከረ ሥር ይበሰብሳልና። የጧት ፀሐይ ይስማማዋል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ግንዱን ያቃጥለዋል። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ከጣራ በታች ይቀመጥ። በደጋ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ወደ ቤት ይግባ፣ ውሃውም ይቀነስለት።

ለማባዛት የፈለገ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ወስዶ፣ የተቆረጠበት እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ አቆይቶ ይትከለው። በቶሎ ሥር ይሰድዳል። አበባው ግን ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ «መካን ነው» ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ማስታወስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

እንቡጡ ከታየ በኋላ ማሰሮውን ወዲያና ወዲህ ማዛወር አይገባም፤ እንቡጡ ሊረግፍ ይችላልና። ቀኑ ሲደርስ ምሽት ላይ መከፈት ይጀምራል፤ ወደ እኩለ ሌሊትም ርዝመቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ነጭ አበባ ፈጽሞ ይገለጣል፤ መዓዛውም ቤቱን ይሞላል። ነጭነቱና ሽታው በትውልድ አገሩ የሌሊት ነፍሳትን በጨለማ የሚጠራበት ነው። ሲነጋ ግን ጠውልጎ ይገኛል። የተኛ ሰው አላየውም።

ከእኛ መካከል የአንዳንዶቻችን ተክል ገና አላበበም። ፈተናችንን ጨርሰን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንሄድ ማሰሮውን ለታናናሾቻችን እንተዋለን፤ የሚያብብበትም ሌሊት እኛ ምናልባት በሌላ ከተማ እንሆናለን። ስለዚህ ውድ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ የዘገየውን ተክል እንዳትጥሉብን፣ አበባው በሚከፈትበት ሌሊትም ትንንሾቹ እንዲያመሹ እንድትፈቅዱላቸው እንለምናችኋለን። መምህራኖቻችንንም የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በየክፍሉ ከጓደኞቹ ዘግይቶ የሚያብብ ተማሪ አይጠፋም፤ እርሱንም እስከ ሌሊቱ ድረስ ታገሡት።