አደባባይ ወይስ የትራፊክ መብራት? በማደግ ላይ ላለች ከተማ የቀረበ ምርጫ



ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። ከተማ ሲያድግ መስቀለኛ መንገዶቹም ይጨናነቃሉ። ያን ጊዜ የትራፊክ መብራት መትከል እንደ ሥልጣኔ ምልክት፣ አደባባይ ደግሞ እንደ አሮጌ ነገር ይታያል። ዛሬ ይህን አስተሳሰብ እንመርምር።

አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ ላይ የተሽከርካሪዎች መስመር የሚነካካባቸው 32 የግጭት ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አደባባይ ፍጥነትን በቅርጹ ይገድባል፤ አሽከርካሪው ሳይወድ በግድ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች መስቀለኛ መንገዶች ወደ አደባባይ ሲቀየሩ የአካል ጉዳት ያስከተሉ አደጋዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ አደባባይ የሚሠራው ገቢው ለዟሪው ቅድሚያ ሲሰጥ ነው። እንግሊዝ ይህን ደንብ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ገቢው ከተሽቀዳደመ ክቡ ይሞላል፤ ውስጥ ያለውም መውጫ ያጣል።

የአዲስ አበባ ታላላቅ አደባባዮች ችግር ከዚህ ይለያል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ የድልና የሰማዕታት ሐውልቶችን ያቀፉ የመታሰቢያ ስፍራዎች ናቸው። ስፋታቸው ለታሪክ ክብር እንጂ ለዛሬው የመኪና ብዛት አልታሰበም። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከአንድ አቅጣጫ የሚጎርፈው መኪና የሌላውን አቅጣጫ ተራ ይነጥቃል፤ የትራፊክ ፖሊስም በእጁ ማስተናገድ ይገደዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጊዜን ለሁሉም የሚያከፋፍለው መብራት ይሻላል። በመዲናዋ አንዳንድ አደባባዮች ፈርሰው በመብራት የተተኩትም ያለ ምክንያት አይደለም።

መብራትም ዕዳ አለው። ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል። ኃይል በተቋረጠ ቁጥር መስቀለኛው ወደ 32ቱ የግጭት ነጥቦች ይመለሳል። ቀይ መብራት የሚጥስ አሽከርካሪም የሚጥሰው በሙሉ ፍጥነት ነው።

ነገር ግን ዋናው ሚዛን እግረኛው ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከማንኪራ ቡናዋን ተሸክማ ለገበያ የምትመጣ እናት፣ በቡድን የሚሻገሩ ተማሪዎች፣ በባጃጅና በጭነት መኪና መካከል የሚያልፍ ዓይነ ስውር፦ መብራት ለእነዚህ የራሳቸውን ተራ ይሰጣቸዋል። አደባባይ ግን ተራ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የቀዘቀዘ ፍጥነት ብቻ ነው። ሰፊና ባለ ብዙ መስመር ከሆነ ደግሞ እሱንም ይነፍጋቸዋል።

ስለዚህ ለቦንጋ የምመክረው ባለ አንድ መስመር፣ ጠባብ መግቢያ ያለው ትንሽ አደባባይ ነው። የእግረኛ ማቋረጫው ከክቡ አንድ መኪና ያህል ራቅ ብሎ፣ ከመንገዱ ከፍ ተደርጎ፣ መሐሉ ላይ መቆሚያ ደሴት ይኑረው። የመካከለኛው ክብ ጠርዝ ረጅም የጭነት መኪና ሊረግጠው በሚችል ዝቅተኛ ንጣፍ ይሠራ። ተዳፋት በበዛበት ከተማችን ለአደባባይ የሚሆን ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቦታው በግንባታ ሳይያዝ ከወዲሁ በፕላን ይከለል። ቦታ በማይገኝበት፣ ወይም እግረኛ በሚበዛበት ትምህርት ቤትና ገበያ አጠገብ፣ መብራቱ ይተከል፤ የጥገና በጀቱ ግን አብሮ ይመደብለት።

መስቀለኛ መንገድን የምንመዝነው ስንት መኪና አሳለፈ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ የሚራመደውን ሰው በሰላም አሻገረ ወይ ብለን ነው።