ታብሌቱ ከመምህሩና ከደብተሩ ጋር
(በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ መምህራን ያሰሙት ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን፣ የውሃ ወረፋችሁንና የቤት ሥራችሁን ትታችሁ በዚህ ሙቀት በመምጣታችሁ ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው መነጋገሪያችን በክፍል ውስጥ የምንጠቀምባቸው ታብሌቶችና በየቤታችሁ ያሉት የእጅ ስልኮች ናቸው። ባለፈው ተርም ከእናንተ ሁለት ጥያቄዎች ደርሰውናል። አንዳንዶቻችሁ «ልጆቻችን የሚማሩት ጨዋታ ነው፣ ደብተራቸው ባዶ ነው» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «መሣሪያው ካስተማረ መምህር ለምን ያስፈልጋል?» ብላችኋል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ በሥራችን ላይ ባየነው ልክ እንመልሳለን።

በመጀመሪያ ያለንበትን ሁኔታ እናስታውስ። እዚህ ካኩማ፣ በእኛ ክፍል ከመቶ በላይ ልጆች ይቀመጣሉ። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ለስድስት ይደርሳል። ልጆቻችን በቤት አማርኛ ወይም ሌላ የአገራችንን ቋንቋ ይናገራሉ፤ በክፍል ግን የሚማሩት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። እኛ መምህራንም ብንሆን አብዛኞቻችን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን በቀጥታ ወደ ጥቁር ሰሌዳው የመጣን ነን። ስለዚህ የሚያግዝ ነገር ሲመጣ ፊታችንን አናዞርም።

ይህ ሥራ በኬንያ ካምፖች አዲስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የቮዳፎን ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2013 በዳዳብ ካምፕ በታብሌት የሚሠሩ ክፍሎችን ጀምረዋል። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ክብደቱ 52 ኪሎ የሆነ፣ በውስጡ አንድ ላፕቶፕ፣ 25 ታብሌቶች፣ ፕሮጀክተርና የድምፅ ማጉያ የያዘ ሣጥን አቅርቧል። ሣጥኑ ለጥቂት ሰዓታት ቻርጅ ከተደረገ መብራት በሌለበት ቦታ አንድ ሙሉ ቀን ያሠራል። ኢንተርኔት ለሌላቸው ት/ቤቶችም እንደ ኮሊብሪ ያሉ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል። ትምህርቱ አንድ ጊዜ በት/ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ታብሌቶቹ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ካርድ ወጪ ከኮምፒውተሩ እየወሰዱ ያሳያሉ።

እንግዲህ መሣሪያው ብቻውን ያስተምራል ወይ? ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች እናቅርብ። አንደኛው ከአገራችን ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በየመንደሩ ሃያ ለሚሆኑ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። መምህር አልተመደበላቸውም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገለጸው ልጆቹ ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው መሣሪያውን አስነሥተዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ይህ የልጆቻችንን ብልህነት ያሳያል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፔሩ ነው። የዚያ አገር መንግሥት በገጠር ላሉ ተማሪዎች የዚህኑ ድርጅት ላፕቶፖች በብዛት አደለ። በ319 ት/ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም። ልጆቹ መሣሪያውን መጠቀም ለምደዋል፤ የትምህርት ውጤታቸው ግን በዚያው ቆሟል። ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ መሣሪያ መክፈትና ትምህርት መማር የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

እኛም ይህን በራሳችን ስህተት ተምረነዋል። ታብሌቶቹ እንደመጡ አደልንና፣ ልጆቹ ዝም ብለው ሲያዩ ደስ ብሎን ደብተር ለማረም ተቀመጥን። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ልጆች መሣሪያውን ያዙ፤ ሴቶችና ትንንሾች ከኋላ አንገታቸውን እየሰገጉ ቀሩ። በወሩ መጨረሻ ፈተና ስንሰጥ ብዙዎቹ ያዩትን ቪዲዮ ያስታውሳሉ፣ ነገር ግን ሁለት መስመር መጻፍ አቃታቸው። «ደብተራቸው ባዶ ነው» ያላችሁት እውነት ነበር። ጥፋቱም የልጆቹ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። አሁን ታብሌት ከመከፈቱ በፊት መምህሩ አንድ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ተማሪዎች ግምታቸውን ይናገራሉ። ከዚያ አራት ወይም አምስት ደቂቃ የሚሆን ትምህርት ያያሉ። ታብሌቱ ይዘጋና መምህሩ ከባዱን ቃል በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን በራሱ ደብተር ይጽፋል። ታብሌት አንድ፣ ደብተር አምስት ማለት ነው። ሃያ አምስቱን ታብሌት ለአምስት አምስት ልጆች ስናካፍል ለመቶ ሃያ አምስት ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ነው። ያዡ በየአሥር ደቂቃው ይለወጣል፤ መጀመሪያ የምትይዘውም ሴት ተማሪ ናት።

አንድ የሆነውን እንንገራችሁ። ስለ ዘር አበቃቀል ስንማር ቪዲዮው ቦሎቄ ሲበቅል አሳየ። አንዲት ተማሪያችን ቤቷ ሄዳ ቦሎቄ ስላላገኘች ከራሽን የተገኘ የአተር ክክ በጣሳ ዘራች። ውሃ ከጎደለበት ቤት እየቀነሰች አጠጣች። አልበቀለም። ጣሳዋን ይዛ መጥታ «ታብሌቱ ዋሸ» አለችን። ለዚህ ጥያቄ ታብሌቱ መልስ አልነበረውም። እኛ ግን ክክ የተፈለጠና የተላጠ መሆኑን፣ ሲፈለጥም ቡቃያው የሚወጣበት ትንሹ ክፍል እንደሚጎዳ አሳየናት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ፍሬ ቦሎቄ ተፈልጎ ተዘራ፣ በቀለም። ያን ቀን መላው ክፍል ደብተሩን ያለ ልመና ሞላ። «መምህር ለምን ያስፈልጋል?» ላላችሁን መልሳችን ይህች ጣሳ ናት።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ስልካችሁ ለእናንተ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለ ፕሮሰስ የሚደወለው፣ ከውጭ ያለ ዘመድ ድምፅ የሚሰማው በእሱ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሲሰበር የቤተሰብ ተስፋ ይጨነቃል። ስለዚህ «ስልካችሁን ለልጅ አስረክቡ» አንልም። የምንለምነው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ በቤቱ ስማርት ስልክ ያለ ወላጅ በሳምንት ሦስት ማታ ለግማሽ ሰዓት፣ አጠገቡ ተቀምጦ ልጁን ያስጠና። ትምህርቱን በት/ቤት በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ እንጭንላችኋለን። ዳታው ይዘጋ፤ ሲዘጋ ካርድ አይበላም፣ ልጁም ወደማይገባ ቦታ አይሄድም፣ ስልክ ቢደወል ግን ይገባል።

ሁለተኛ፣ ማንበብ የማይችል ወላጅ «እኔ ምን አግዛለሁ?» አይበል። «ዛሬ ያየኸውን ንገረኝ፣ የጻፍከውን አሳየኝ» ማለት ይበቃል። መናገር ያልቻለ ልጅ አልገባውም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የሴት ልጆችን ሰዓት ጠብቁላቸው። ውሃና እንጨት እነሱን ብቻ ከጠበቀ፣ በክፍል ታብሌቱን ቀድመው መያዛቸው ብቻውን አያግዛቸውም።

አራተኛ፣ ስልኩን ፀሐይ ላይ ወይም በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አታስቀምጡ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስም ቻርጁን ያቆያል።

እኛ በበኩላችን ቃል እንገባለን። ታብሌት በተከፈተ ቁጥር ደብተር ይከፈታል። ስልክ የሌለው ቤት ልጅ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክፍሉ ውስጥ የማጥኛ ሰዓት እናዘጋጃለን፤ በየተራም እንገኛለን። ማንኛችሁም ያለ ቀጠሮ መጥታችሁ የልጃችሁን ደብተር መጠየቅ ትችላላችሁ። ባዶ ገጽ ካገኛችሁ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

መሣሪያ ይሰበራል፣ ፕሮጀክት ያልቃል፣ እኛም ነገ ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም። ልጁ የጻፈውና የገባው ግን አብሮት ይሄዳል። በዚህ ላይ እንድንተባበር እንለምናችኋለን።