ሰማያዊው ስክሪን

እሷ፦ መቱ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ማመልከቻ ሳስጽፍ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆኖ ጠፋ። ልጁ «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውስ ሊጭን ተነሣ።

እሱ፦ የኛ ሰው ሁሉንም በቫይረስ ያሳብባል! ተጫነ?

እሷ፦ የት! መሀል ላይ ተቋረጠ።

እሱ፦ እንግዲያው ራሙን ጠርጥሪ። ሶኬቱን ነቅሎ አንዷን ራም ያውጣ፣ በቀረችው ብቻ ይሞክር፤ ከዚያ ያቀያይር። ጥፋተኛዋ ትለያለች።

እሷ፦ ለየብቻ ሁለቱም ደህና ቢሆኑስ?

እሱ፦ አልተጣጣሙም ማለት ነው፤ ወይም መሰኪያው ተበላሽቷል። የራም ዓይነቶቹ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 እንኳ አያሳስቱም፤ የስንጥቃቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ተንኮለኛው ዲዲአር 3 ራሱ ነው። አንዱ 1.5 ቮልት ይፈልጋል፣ ሌላው በ1.35 ይሠራል፤ ሲያዩዋቸው ግን መንታ ናቸው። አንዳንድ ላፕቶፕ ባለ 1.5ቱን ጭራሽ አይቀበልም።

እሷ፦ ከጎሬ እስከ መቱ ዝናቡን ታውቀዋለህ። እርጥበቱስ?

እሱ፦ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ያቆሽሻል። በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ አሽቶ ፍርፋሪውን ማራገፍ አንዳንዴ ይበቃል። ካልበቃ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት 86ን በፍላሽ አስነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ማስፈተሽ ነው።

እሷ፦ መብራት ካልጠፋ!